ሙት ስም ለሕያው ተማሪ

ከቢቸና እስከ ሞጣ በተዘረጋው የቅኔ አገር፣ የትናንቱን ቅኔ ዛሬም ይዞ የሚቀርብ ተማሪ አይመሰገንም። ደቀ መዝሙሩ ቅኔውን ሲያሰማ የኔታ ቢያርሙት ቅኔን አፈረሱ አይባሉም፤ እርማቱ ራሱ ትምህርት ነውና። ይህን ሥርዓት ጠንቅቆ የሚያውቅ ኅብረተሰብ፣ ልጆቹ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ሳይንስ ራሱ የተወውን ስም እንደ ሕያው ቃል እንዲሸመድዱ ሊፈቅድ አይገባውም።

ነገሩ የቀደምት ሰው ቅሪተ አካል ስምን ይመለከታል። «ፒቴካንትሮፐስ» ኔዘርላንዳዊው ዩጂን ዱብዋ በጃቫ ላገኘው ቅሪት እ.ኤ.አ. በ1894 የሰጠው ስም ነው፤ ትርጓሜውም «የዝንጀሮ ሰው» ማለት ነው። ያው ቅሪት ዛሬ «ሆሞ ኢሬክተስ» ተብሎ ከሰው ወገን ተቆጥሯል። ታዲያ ይህ የፊደል ለውጥ ብቻ ነውን?

በኢትዮጵያ ምድርም ምሳሌው አይጠፋም። በኦሞ ሸለቆ የተገኘው መንጋጋ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ «ፓራውስትራሎፒቴከስ ኤቲዮፒከስ» ተባለ። የወገን ስሙ ወደቀ፤ «ኤቲዮፒከስ» የሚለው የዝርያ ስም ግን በቀዳሚነት ሕግ ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይኖራል። ቲም ዋይት፣ ገን ሱዋና ብርሃኔ አስፋውም የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለውን የአራሚስ ቅሪት እ.ኤ.አ. በ1994 «አውስትራሎፒቴከስ ራሚደስ» አሉት። ከዚያ ወገን የተለየ መሆኑን ባመኑ ጊዜ ግን በዓመቱ «አርዲፒቴከስ» ሲሉ ራሳቸው አረሙት። የቀድሞው የወገን ስም «የደቡብ ዝንጀሮ» ማለት ነበር፤ «አርዲ» ግን በአፋርኛ ምድር ማለት ነው፤ «ራሚድ» ደግሞ ሥር። እንግዲህ አሮጌውን ስም የሚያስጠና መምህር እርማቱን ብቻ ሳይሆን የአፋሩን ቃል ጭምር ከተማሪው ይሰውራል።

«ስሙ የሚለዋወጥ ዕውቀት ምን ይታመናል?» የሚሉ አይታጡም። ዐፅሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በማስረጃ የበረታው የሰው ማስተዋል ነው። ሊጠረጠርስ የሚገባው ስሕተቱን የማያርም ዕውቀት አይደለምን?

ይህ ሲባል ግን አሮጌው ስም ከመጽሐፍ ይፋቅ ማለት አይደለም። ከሞጣ ወደ ቤጌምድር በሚያሻግረው መንገድ፣ በዓባይ ላይ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራው ድልድይ፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ቅስቱ ከተቆረጠ ወዲህ «ሰባራ ድልድይ» ይባላል። ስሙን የሰማ ልጅ «ማን ሰበረው? ስለ ምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ በዚያም ታሪኩን ይማራል። ያረጀው የሳይንስ ስምም እንዲሁ ከነዓመቱና ከነምክንያቱ በአዲሱ ጎን ይጻፍ። ፈተናውም «ስሙ ማን ይባላል?» ማለቱን ትቶ «ስሙ ስለ ምን ተለወጠ?» ብሎ ይጠይቅ። የሞጣ ልጅ ከአያቶቹ የቅኔ ጉባኤ የወረሰው መመርመርን እንጂ መሸምደድን ብቻ አይደለም፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ከዚህ ያነሰ ሊሰጠው አይገባም።