ቦንድ ሲሸጥ ያልተጠየቀው ክልል መረብ ሲዘረጋ ለምን ይጠየቃል?

እንዴት ነው ነገሩ ጎበዝ! በሽሎ ከወሎ ደጋ ተነሥቶ፣ የመቅደላን ግርጌ ታክኮ ዓባይ ሲገባ መታወቂያ የጠየቀው የለም። ዓባይም ወሎን ከጎጃም እየለየ ወርዶ፣ ቤኒሻንጉል ደርሶ ንጋት ሐይቅ ውስጥ ይተኛል። በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር እንኳ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ሲወጣ «የይለፍ ወረቀትህስ?» ያለው አልነበረም። ዛሬ ግን መረቡን ተሸክሞ እንጀራ ፍለጋ የሚወጣው የቦረና ልጅ (የወሎውን ቦረና ማለቴ ነው) ወረቀት አምጣ ይባላል።

አንድ የማውቀው የመካነ ሰላም ጎረምሳ ሌላ ክልል ሐይቅ ዳር የአስጋሪነት ፈቃድ ላውጣ ብሎ ሄደ። ስለ መረቡ ዓይን ስፋት የጠየቀው የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «የየት ክልል ነህ?» ነበር። ሲናገር «እንግዲያው በማኅበር ተደራጅተህ ና» አሉት። ማኅበሩ ዘንድ ሲሄድ «የቀበሌያችን ነዋሪ ያልሆነ አንመዘግብም» ተባለ። «እሺ፣ እምቢታችሁን በጽሑፍ ስጡኝ» ቢል ተሳሳቁበት። ልጁ መረቡን በግማሽ ዋጋ ሸጦ ለመመለሻ ትራንስፖርት አደረገው።

ፈቃድ ለምን ኖረ የሚል ሰው አይደለሁም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚያሰግር ሁሉ ፈቃድ ይኑረው ማለቱ ደግ ነው። ጣና ላይ የሆነውን አይተናል። ነጭ ዓሣው በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ሽቅብ ሲወጣ አፉ ላይ መረብ እየተዘረጋበት ዘሩ ተመናመነ። እንዲህ ያለውን የሚያግድ ፈቃድ ይጥበቅ፤ አስፈላጊ ከሆነም ይወደድ። ግን ዓሣውን የሚጨርሰው ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ነው ወይስ የአስጋሪው የትውልድ ቀበሌ?

ሕገ መንግሥቱን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው በአንቀጽ 41 ኢትዮጵያዊ ሁሉ በሀገሪቱ በየትኛውም ሥፍራ የመረጠውን ሥራ ሠርቶ መኖር ይችላል ብለዋል። አንቀጽ 52 ለክልሎች የሰጠው የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት ማስተዳደርን ነው። ማስተዳደርና የግል ርስት ማድረግ መቼ አንድ ሆነው ያውቃሉ? የሐይቁ ዳር ነዋሪ ይቅደም ለሚሉት ጆሮ አለኝ፤ ውሃው ደጁ ነውና። ነገር ግን መቅደም ማለት ሌላውን በሩን ዘግቶ ማስቀረት አይደለም።

ፌዴራሊዝም ነው እኮ የሚሉንም አሉ። አሜሪካስ ፌዴሬሽን አይደለችም? እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል፤ ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ ተሻግሮ በመንጠቆ ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ከነዋሪው የበለጠ ይከፍላል፤ ዋጋው ታትሞ የወጣ ነው፤ ከፍሎም ፈቃዱን ያገኛል። በእንጀራ ላይ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሳውዝ ካሮላይና የራሷን ሽሪምፕ አስጋሪዎች ለአንድ ጀልባ 25 ዶላር፣ ከሌላ ስቴት የሚመጡትን 2500 ዶላር ልታስከፍል ብትል፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የለም፣ የአንዱ ስቴት ዜጋ በሌላው ሠርቶ የመብላት መብት አለው ብሎ ሻረው። እኛ ዘንድ ፍርድ ቤት እንዳይኬድ እምቢታው ራሱ ወረቀት የለውም!

የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ የመካነ ሰላም መምህር ከደመወዙ ተቆርጦበታል፣ ቦንድ ገዝቷል። ያኔ «የየት ክልል ነህ?» አልተባለም። የዚያ መምህር ልጅ ነገ ንጋት ሐይቅ ላይ ላስግር ቢል ምን ሊባል ነው?

ግብርና ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች ይህን ከመጣላታችን በፊት ይቁረጡት። የፈቃዱ ዋጋ፣ የመረቡ ዓይን፣ ማስገር የሚከለከልበት ወር፣ ለነዋሪው የተሰጠው ቅድሚያ ካለም ልኩ በየሐይቁ ዳር ይለጠፍ። የተከለከለ ሰውም ምክንያቱን ማኅተም በተመታበት ደብዳቤ ተቀብሎ ይሂድ።