ከተነሳንበት ቦታ



ለሽርሽር የሚወጣ ቤተሰብ ስንቅና ልብስ ያዘጋጃል እንጂ እንጠፋፋለን ብሎ አይነሳም። እኛም አላሰብነውም። በ2017 ዓ.ም. የአረፋ ማግስት እናታችንን፣ ሁለቱን ልጆቻችንንና የዘጠኝ ዓመት የእህታችንን ልጅ ይዘን ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ወረድን። መንገዱ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና የመንገደኛ ፈቃድ ነበረን፤ ባለ አራት ረከዓውን ሶላት ሁለት እያደረግን፣ ዙህርን ከዐስር እያጣመርን ሰገድን። (ከሻሸመኔ ለሚመጣ ጎረቤት ግን ርቀቱ አጭር ስለሆነ ይህ ፈቃድ አይደርሰውም፤ ብዙ ወጣቶች ይጠይቁናል።)

ሐዋሳ ለእንግዳ አታስቸግርም። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ባጃጅ በየጥጉ አለ፣ ሐይቁም ከፒያሳ ሩቅ አይደለም። ችግሩ ባጃጅ ከኋላ የሚይዘው ሦስት ሰው ነው፤ እኛ ስድስት ነን። ስለዚህ ፒያሳ ላይ ከአንድ ጁስ ቤት ፊት እናታችንንና የእህታችንን ልጅ በፊተኛው አሳፈርንና «ሐይቅ አድርሳቸው» አልነው። እኛ በሌላ ተከተልን።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሐዋሳ ውስጥ «ሐይቅ» ማለት አድራሻ አይደለም። ሰው የሚንሸራሸርበት ፍቅር ሐይቅ አለ፤ ዓሣ የሚሸጥበት አሞራ ገደል አለ። እኛ በአንደኛው ስንቆም እነሱ በሌላኛው ወርደዋል።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። የእናታችን ስልክ ባረፍንበት ፔንሲዮን ቻርጅ ላይ ነው። ሐይቁ ጉማሬ ያለበት ነው፤ ልጁም ውሃ ሲያይ አያስችለውም። ከዚያ በኋላ የዳሩን ሰው ሁሉ እየጠየቅን መሮጥ ሆነ። ያን ሰዓት ያሰብነውን ባንጽፈው ይሻላል።

በሌላ በኩል ባለባጃጁ ደግ ሰው ኖሯል። ግራ መጋባታቸውን አይቶ «እማማ፣ ቁጥር ይንገሩኝና ልደውል» አላቸው። ኔትወርክ ሞልቷል፤ ስልክ አለ፤ ቁጥር የሚያውቅ ግን የለም። ጁዝ ዐምን በቃሉ የሚወጣ ልጅ፣ እኛው ራሳችን ያስቀራነው ልጅ፣ የቤተሰቡን አስር አኃዝ አያውቅም። ሌላውን ልጅ ሁሉ ስናስተምር ይህን ዘነጋነው።

እናታችን ግን አልተጨነቁም። ገጠር ገበያ ያደጉ ናቸው። በእነሱ ዘመን የተጠፋፋ ሰው ወዲያ ወዲህ አይልም፤ መጀመሪያ ከተነሳበት ቦታ ሄዶ ይቀመጣል። «ካሳፈርከን መልሰን» አሉት። እኛም የዐስር አዛን ሲሰማ፣ ለፖሊስ 991 ልንደውል ስንል፣ ባለቤታችን «እስቲ አስቀድመን ፒያሳን እንየው» ስትል ተመለስን። ጁስ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጁ ሁለተኛ ብርጭቆ አቮካዶ ይዟል። ባለባጃጁም አብሯቸው ቆሟል፤ የጠበቀበትን ልንከፍለው ብንል የመንገዱን ብቻ ተቀበለን።

«የት ጠፋችሁ?» አሉን እናታችን፤ የጠፋነው እኛ ነን ማለት ነው።

ያን ምሽት በወረቀት ሁለት ቁጥር ጽፈን በእናታችን መቀነት ቋጠርንላቸው። በማግስቱም ገና ከባጃጅ ሳንሳፈር «ብንጠፋፋ የምንገናኘው እዚህ፣ በዚህ ሰዓት» መባባል ጀመርን። ልጁን ደግሞ መድረሳ ውስጥ እንደለመደው ቁጥሩን ሦስት ሦስት አኃዝ እየከፈልን አስያዝነው። ስንመለስ ዝዋይ ላይ ጠየቅነው፤ ሳይሳሳት ወጣው። እናታችን ከኋላ ሆነው «የእኔንስ?» አሉ። የእሳቸውን ማናችንም አናውቀውም ነበር።