ገመናና መከራ፦ በመጠይቅ ዳር የሚቀር ማኅበራዊ እውነታ

አርተር ክላይንማን፣ ቪና ዳስና ማርጋሬት ሎክ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት መድበል፣ መከራ የግለሰብ ሕመም ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ፣ የኢኮኖሚና የተቋማት ኃይል በሰዎች ላይ የሚያሳድረው ጫና ውጤት መሆኑን አስገንዝበዋል። ይህን ሐሳብ ዛሬ የሚቃወም የሶሲዮሎጂ ተማሪ እምብዛም አይገኝም። አከራካሪው መከራ በምን መሣሪያ ይጠና የሚለው ነው።

በስፋት የሚሠራበት የቤተሰብ የምግብ ዋስትና መጠይቅ ስላለፉት አራት ሳምንታት ዘጠኝ ጥያቄዎችን ያነሣል፤ ከእነዚህም አንዱ ተርቦ የተኛ የቤተሰብ አባል ስለመኖሩ ነው። ጥያቄው ግልጽ ነው። በጎረቤት ፊት፣ የማይታወቅ ወጣት መረጃ ሰብሳቢ ሲያቀርበው ግን የምግብ ጥያቄነቱ ቀርቶ የገመና ጥያቄ ይሆናል። ጦሙን ያደረ አባወራ «ተመስገን፣ ደህና ነን» ቢል የቤቱን ክብር ጠበቀ እንጂ ዋሸ አይባልም። ጎረቤት ጭስ እንዲያይ ብላ ባዶ ድስት የምትጥድ እናትም እንዲሁ ናት። (እርዳታ ሲጠበቅ መልሱ ወደ ተቃራኒው ሊያዘነብል እንደሚችል የመስክ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል።) የስታቲስቲክስ ባለሙያ ይህን የምላሽ መዛባት ብሎ ሊያርመው ይሞክራል። ለሶሲዮሎጂ ግን የሚታረመው ነገር ራሱ ግኝት ነው፤ ረሃብ ከሚያስከትለው ጉዳት አንዱ ክፍል ይኸው መሸማቀቅ ነውና።

አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ በአገር አቀፍ ደረጃ የምግብ አቅርቦት እጅግ ሳይቀንስ የተከሠተ መሆኑን፣ ችግሩም ሰዎች ምግብ የማግኘት አቅም ማጣታቸው እንደነበር አሳይቷል። ትንታኔው ማን ለምን እንደተራበ ያስረዳል፤ የተራበው ሰው ድምፅ ለምን እንዳልተሰማ ማስረዳት ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መደበቅ ተቀላቅሎ እንዳይታይ መጠንቀቅ ይገባል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ረሃቡን የሸፈነው ለገጽታው ሲል ነው፤ ገበሬ ችጋሩን ቢሸሽግ ግን ከክብሩ በቀር የሚያተርፈው የለም። ሁለቱን ያልለየ ጥናት፣ ሳያስበው የዝምታውን ኃላፊነት በተጎጂው ላይ ይጥላል።

ስለዚህ መልሱ ሲመዘገብ ማን መለሰ፣ ማን አጠገቡ ነበር፣ የትኛው ጥያቄ ላይ ዝም አለ የሚለውም አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። ጉዳዩ የዘዴ ክርክር ብቻ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ተጠቃሚዎቹን የሚለየው በማኅበረሰቡ ተሳትፎ፣ ማን ከማን ይበልጥ ተቸገረ በማለት ነው፤ ችግሩን በአደባባይ መናገር ያልቻለ ቤተሰብ ከስም ዝርዝሩ ሊቀር ይችላል።