የቫሩዣን ስንዴ በመድረክ ላይ

አርመኖችን በ1915 (እ.ኤ.አ.) በደረሰባቸው እልቂት ብቻ ማወቅ፣ ገዳዮቻቸው በጻፉላቸው ምዕራፍ ብቻ ማወቅ ነው። ለዚህ ነው ተዋንያኑ ኖራ አርማኒ እና ጄራልድ ፓፓዚያን ትልቅ ምስጋና ይገባቸዋል የምለው። በ1980ዎቹ በአሜሪካ መድረክ ላይ ያቀረቡት «ቆይታ በአራራት» የተሰኘ ትርኢት የብዙ ዘመናት የአርመን ግጥሞችን በእንግሊዝኛ ይዞ በልዩ ልዩ አገሮች ዞሯል። ያውም በሁለት ሰው ብቻ! ፍቅሩም፣ ሐዘኑም፣ ጨዋታውም ከሁለት አንደበት ይወጣል። ከአርመን ገጣሚዎች ዳንኤል ቫሩዣንን ላንሣ። በ1915 ኢስታንቡል ላይ ተይዞ በ31 ዓመቱ ሲገደል፣ «የዳቦ መዝሙር» የተሰኘው ሥራው ገና በረቂቅ ነበር። ረቂቁም ከእጁ ተወስዶ ነበር፤ በኋላ ተገኝቶ በ1921 ታተመ። ስለ ምንድን ነው? ስለ እርሻው፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ አጨዳው፣ ስለ አውድማው። ከሞት አፋፍ ላይ የነበረ ሰው ስለ ስንዴ ይዘምር ነበር። ይህን ገበሬ የሆነ ሕዝብ ሁሉ ያለ አስረጂ ይረዳዋል፤ የኛ አገር ሰውማ ይበልጡን። እኛ «አርባ ልጆች» ከተባሉት አርመን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች እና ከአርመኖቹ የናልባንዲያን ቤተሰብ ሙዚቃቸውን ተቀብለናል፤ ነርሲስ ናልባንዲያን በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ስንቱን ሙዚቀኛ አሠልጥኗል! ግጥማቸውን ግን ገና በወጉ አልሰማንም። አንድ የአማርኛ ተርጓሚና ሁለት ጎበዝ ተዋንያን ቢገናኙ፣ ቫሩዣን አዲስ አበባ ላይ መድረክ የማያገኝበት ምክንያት አይታየኝም።