ቲፎዞና ደጋፊ

ርእሰ አንቀጽ

በግቢያችን ከምሳ በኋላ ከሚነሡት ክርክሮች ሁሉ መጨረሻ ያጣው «እውነተኛ ደጋፊ ማነው?» የሚለው ሆኗል። አንዱ የተጫዋቾቹን ስም ከበረኛው እስከ መጨረሻው ተጠባባቂ ሳያቋርጥ ስለ ጠራ ደጋፊነቱ የተመሰከረለት ይመስለዋል። ሌላው ማሊያ ስለ ገዛ፥ ሦስተኛው ደግሞ ክለቡ በተሸነፈበት ማታ እራቱን ትቶ ስለ ተኛ የሚበልጠው የለም ይላል። ነገሩ በሣቅ ቢያልቅ ኖሮ ይህችን የተባዛች ወረቀት ባልሞላንበት ነበር። ግን ክርክሩ አልፎ አልፎ ወደ ስድብ፥ ከስድብም አልፎ «አንተ የየት አገር ሰው ነህ?» ወደሚል ጥያቄ እየተሻገረ ስለ ሆነ፥ የዝግጅት ክፍሉ አሳቡን ለመምህሮቻችንና ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቶታል።

አስቀድመን ሁለት ቃላት እንለይ። «ቲፎዞ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጣሊያኖች «ቲፎ» የሚሉት እኛ ተስቦ የምንለውን በሽታ ነውና፥ ቲፎዞ ማለት በተስቦ የተያዘ፥ ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጥቶ የሚቃዥ ሰው ማለት ይሆናል። ስሙን ያወጣው ሰው ሜዳ ገብቶ ያየውን መናገሩ ነው፤ ብዙም አልተሳሳተም። «ደጋፊ» ግን የራሳችን ቃል ነው። ግድግዳው ያዘነበለበት ገበሬ ባላ ቆርጦ ያስደግፈዋል። ባላው የሚቆመው ግድግዳው ባዘነበለበት በኩል ነው እንጂ፥ ቀጥ ብሎ ለቆመ ግድግዳ ባላ የሚቆርጥ ሰው በጎጃም አልታየም። ያን ባላ ነቅለው ቢወስዱት ግድግዳው ወዲያው ያውቀዋል። እንግዲህ ራሱን ደጋፊ ነኝ የሚል ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ከዚሁ ከቃሉ ይገኛል፤ እኔ ብቀር ክለቤ ያውቃልን?

ከአዲስ አበባ የመጡ ጓደኞቻችን ለዚህ አጭር መልስ አላቸው፤ «ስታዲዮም ያልገባ ደጋፊ አይባልም» ይላሉ። አነጋገሩ ወኔ አለው። ነገር ግን እኛ ያለነው ከዚያ ስታዲዮም 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ነው፤ በመካከሉም የዓባይ በረሃ ተጋድሟል። መንገዱ ክፍት በሆነበት ዘመን እንኳ ለአንድ ግጥሚያ ያን በረሃ ወርዶ፥ ወጥቶ መመለስ ከተማሪ ኪስ በላይ ነው። ደግሞም ስታዲዮሙ ራሱ ከደጋፊው የሸሸበት ጊዜ አለ። የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ምክንያት ከተሰረዘ በኋላ፥ በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦቹን ሁሉ በአንድ ከተማ እየሰበሰበ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፥ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፥ ከዚያም ወደ ድሬ ዳዋና ወደ ሐዋሳ እያዘዋወረ አጫወተ፤ ግጥሚያዎቹም በዲ ኤስ ቲቪ ይታዩ ጀመር። ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን የሆነው በዚያው ዓመት ነው። ክለቡን ለብዙ ዓመት ሲያስታምም የኖረው ጎንደሬ ያን ደስታ ያገኘው ከቴሌቪዥን ሣጥን ውስጥ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችንም ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ «የራሱ ሜዳ» የተባለው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ያለ ሜዳ ነበረ፤ በአገራችን ካፍ የሚፈቅደው ስታዲዮም ስለ ታጣ። ታዲያ በዚያ ቀን ስታዲዮም ያልገባ ሁሉ ደጋፊ አይደለም ልንል ነውን? ትኬት የደጋፊነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው መልስ «ዋንጫ ሳይኖር የቆየ ደጋፊ እርሱ ነው» የሚለው ነው፤ ይህኛው ወደ ቁም ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። ኢትዮጵያ ቡና ፕሪሚየር ሊግ የሚባለው ውድድር በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በ2003 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን ዋንጫውን ከአሥር ጊዜ በላይ ወስዷል። እንዲህም ሆኖ ቡናማና ቢጫ የለበሰው ሕዝብ ሜዳውን ባዶ አላደረገውም። የዋልያዎቹማ ታሪክ ከዚህም ይብሳል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ አገኘን፤ ያ ዋንጫ እስከ ዛሬ ብቸኛችን ነው። ከ1974ቱ ውድድር በኋላ ደግሞ በአፍሪካ ዋንጫ ለመታየት 31 ዓመት ጠበቅን። ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸንፋን ስታበቃ፥ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ባገቧቸው ሁለት ጎሎች፥ ከሜዳ ውጭ በገቡ ጎሎች በልጠን አለፍን። ያን ዕለት በየከተማው ከወጣው ሕዝብ አብዛኛው 1974ን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ነበረ። ተስፋውን ከአባቱ የተረከበው፥ ያላየውን ነገር የጠበቀ ሰው ነው።

በዚህ በኩል በግቢያችን ብዙ የሚሾፍባቸውን የአርሰናል ሰዎች ልንሟገትላቸው እንወዳለን። ክለባቸው በ1996 ዓ.ም. አንድም ግጥሚያ ሳይሸነፍ የእንግሊዝን ሊግ ከወሰደ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ዋንጫ ሳያነሣ ቀርቷል። ሆኖም እነዚህ ወንድሞቻችን በየቅዳሜው ከመክፈቻው ሰዓት አስቀድመው ወንበር ይይዙ ነበር። (የማንቸስተር ዩናይትድ ሰዎችም ይህን ትምህርት ዘግይተው ጀምረዋል፤ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በ2005 ዓ.ም. ከተሰናበተ ወዲህ ፊታቸው እንዴት እንደ ተለወጠ መምህሮቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል።)

ነገር ግን ትዕግሥት ብቻውን ባላ አይሆንም። ተቀምጦም መጠበቅ ይቻላልና። ለንደን ያለው ክለብ ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ወንበር ባዶ መሆኑን አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። ስለዚህ የሩቅ ክለብ መውደድ ነውር ባይሆንም፥ ፍቅር እንጂ ድጋፍ ብለን ለመጥራት እንቸገራለን።

ድጋፍ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ክለቦች መነሻ መመለስ ይጠቅማል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች ሲመሠረት ባለሀብትም መሥሪያ ቤትም ከኋላው አልነበረም። ጥቂት ወራት እንኳ ሳይሞላው ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ ክለቡም በወረራው ዘመን «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» በሚል በወራሪው ስም እንዲጫወት ተደረገ። ከነጻነት በኋላ ወደ ስሙ መመለስ የቻለው፥ ስሙን የሚያስታውሱለትና የሚመልሱለት ሰዎች ስለ ነበሩት ነው። እዚያው እንግሊዝ አገር ደግሞ፥ የዊምብልደን ክለብ ባለቤቶች ቡድኑን ከለንደን ነቅለው ሚልተን ኪንስ ወደሚባል ሌላ ከተማ ሊወስዱት በተፈቀደላቸው በ1994 ዓ.ም. ደጋፊዎቹ ተከትለው አልሄዱም። «ክለቡ እኛ ነን» ብለው አዲስ ቡድን አቋቋሙ፤ ተጫዋቾችንም በሠፈራቸው መስክ ላይ በፈተና መረጡ፤ ከታችኛው ሊግ ጀምረው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ ተመለሱ። የእንግሊዝን እግር ኳስ የሚወድ የግቢያችን ተማሪ ከጎል አግቢዎቹ ስም ጋር የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ቢያጠና መልካም ነበር።

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። ይኸውም ደጋፊነትን በትውልድ የመለካት ልማድ ነው። ባሕር ዳር ከነማ በ2011 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ፥ በ2015 ዓ.ም.ም ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ፥ የጎጃም ልጅ ደስ ቢለው ተገቢ ነው፤ ሰው የቅርቡን መውደዱ ተፈጥሮ ነው። ነገር ግን ከደጀን ወይም ከቢቸና መጥቶ የቡና ደጋፊ የሆነውን ልጅ እንደ ከሃዲ መቁጠር፥ ከወላይታ ወይም ከመቐለ የመጣውንም ጓደኛችንን በሚደግፈው ክለብ ምክንያት በጎሪጥ ማየት ምን ይሉታል? ከቅዱስ ጊዮርጊስ መሥራቾች አንዱ ጆርጅ ዱካስ የግሪክ ተወላጅ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ አሥመራ የተወለደ፥ አባቱ ጣሊያናዊ የሆነ ሰው ነው። በትውልድ ብንለካ ኖሮ ክለቡንም ዋንጫውንም ባላገኘናቸው ነበር።

ይህ ልኬት ሲበረታ የሚያደርሰውን አይተናል። ኅዳር 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ወልዲያና መቐለ ከተማ ወልዲያ ላይ ሊያደርጉት የነበረው ግጥሚያ፥ ኳስ ሳይነካ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቶበት ቀረ። ያ ስታዲዮም ከተመረቀ አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያም የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርስ የሚያደርጉት ግጥሚያ ወደ ገለልተኛ ሜዳ የተወሰደበት ጊዜ መጣ። ቀጥሎም ጦርነቱ ደረሰ። በ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን የነበረው መቐለ 70 እንደርታ፥ ወልዋሎ ዓዲግራትና ስሑል ሽረ ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም. ከሊጉ ጠፉ፤ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት የእነዚህ ክለቦች ደጋፊ ምን ይደግፍ ነበር? የእኛስ ሰው፥ «ይጥፉልኝ» ሲል የነበረው፥ በጠፉ ጊዜ ምን አተረፈ? ተጋጣሚ የሌለው ክለብ ልምምድ እንጂ ጨዋታ የለውም። ተጋጣሚው በሰላም መጥቶ በሰላም እንዲመለስ የማይሻ ሰው የራሱን ክለብ ግድግዳ እየገፋ ነው እንጂ አልደገፈም።

ይህ ከውጭ የተማርነው ሥልጣኔ አይደለም። አባቶቻችን በገና ዕለት ላይ ሠፈርና ታች ሠፈር ተከፍለው ሩሯን ሲያሳድዱ፥ ተመልካቹ ተጋጣሚውን በግጥም ያዋርደዋል፤ ጭሰኛው ባለርስቱን፥ ሎሌው ጌታውን ሊሰድብ ይችላል፤ ጌታውም በዚያን ቀን እንዳይቆጣ በልማድ ታስሯል። ቅልጥሙ የተመታ አይጠፋም። ማታ ግን ሁሉም በአንድ ቤት ተቀምጦ ጠላ ይጠጣል። ስድቡ ለጨዋታው ተፈቅዶ፥ ከጨዋታው ጋር ያበቃል። እኛ ዘመናዊ ነን የምንለው ስድቡን ወስደን ድንበሩን ጣልነው።

ስለ ግቢያችን ሁለት ነገር ተናግረን እንጨርስ። ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥኑ አዳራሽ ለመቆም እንኳ ቦታ አይገኝም። በዚያው ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ክፍሎች በራሳችን ሜዳ ሲጋጠሙ ግን፥ ከመስመሩ ዳር የሚቆሙት የተጫዋቾቹ የዶርም ጓደኞችና ጥቂት ሕፃናት ናቸው። የደብረ ማርቆስ ልጆች ሲጫወቱም እንደዚሁ ነው፤ የከተማው ቡድን በፕሪሚየር ሊጉ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ብዙዎቻችን አራት ዓመት ተምረን አንድም ቀን ሳናየው እንመረቃለን። ከላይ ያነሣነው ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አለው። በዚህ ሜዳ አንድ ሰው ቢቀር ይታወቃል፤ ውሃ የሚያቀብል ይጠፋል፥ ወደ ገደሉ የተንከባለለችውን ኳስ የሚያመጣ ይጠፋል፥ እግሩ የተወለከፈውን ልጅ ደግፎ ክሊኒክ የሚያደርስ ይጠፋል። (ይህኛው «ደግፎ» ደግሞ ያለ ምንም ምሳሌ ነው።)

የማኅበሩ ስፖርት ክፍል የግጥሚያዎቹን ቀን ከእንግሊዙ ሊግ ፕሮግራም ጎን በአዳራሹ በር ላይ እንዲለጥፍ ጠይቀን ተስማምቶልናል። የሜዳው መስመር በክረምቱ ዝናብ ስለ ጠፋ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ኖራ ይሰመራል። ኖራው ተገኝቷል፤ የጎደለው ባልዲና ገመድ የሚይዝ ሰው ነው። የአርሰናልም፥ የማንቸስተርም፥ የቡናም፥ የጊዮርጊስም ሰው ቢሆን፥ ማሊያው ኖራ እንዳይነካው አሮጌ ልብስ ለብሶ ይምጣ።