ሱቅ በኢንተርኔት

ሸቀጡን በኢንተርኔት ለመሸጥ የሚያስብ ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ዉኮመርስ የሚባለው የሱቅ ፕሮግራም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 ወጣ፤ የሚሠራውም በ2003 በተጀመረው በወርድፕሬስ ላይ ነው። ሁለቱም ያለ ዋጋ ይገኛሉ፤ የተጻፉበት ኮድም ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ፥ የሚችል ሰው መርምሮ ያሻሽላቸዋል።

ነገር ግን በነጻ የተገኘ በሬም ገለባ ይፈልጋል። ይኸውም የሱቁ ስም በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ የሚያድርበት ኮምፒዩተርም ኪራይ አለው፤ ፕሮግራሙም በየጊዜው ካልታደሰ ለሌባ በር ይከፍታል።

ከሁሉ ይልቅ ግን፥ በቤት የሌለውን ዕቃ አለ ብሎ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የጻፍንለትን ቍጥር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዕቃው በገበያ ሲሸጥ ከመዝገቡም ወዲያው ይቀነስ። ገዢው ፊታችንን አያይም፤ የሚያምነው ቃላችንን ነው።