መዝገብ ያዡንም ሕግ ይጠብቀው

በቀድሞ ዘመን የተሰረቀ ነገር ሲፈለግ ሕዝቡ በአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ ሌባውን በስውር የሚያመለክተውም «ወፍ» ተብሎ ስሙ ይሸሸግ ነበር። ዛሬም በ2003 ዓመተ ምሕረት የወጣው የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ስም መሸሸግንና መኖሪያ መለወጥን ይፈቅዳል። መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን የሚያገለግለው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ወፉ ሊሸሸግ የቻለው በብዙ ሕዝብ መካከል ስለ ነበረ ነው። በጅጋ ወይም በቡሬ የመሬት ይዞታ መዝገብ የሚይዘው አንድ ጸሐፊ ብቻ ቢሆንስ፥ ስሙን መሸሸግ ምን ይጠቅመዋል? መዝገቡ መፋቁ በተሰማ ማግሥት ሹሙ ተናጋሪውን ማንንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል። የሚፈራውም ዱላ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሩቅ ቀበሌ የሚያዛውር ደብዳቤ፥ የሚዘገይ ደመወዝ፥ የሚቀር የደረጃ ዕድገት ነው። ደብዳቤው ማኅተም አለውና ለተመልካች በቀል አይመስልም፤ ብዙ አፍ የሚዘጋውም ይኸው ይመስለናል።

ስለዚህ ጥቆማ የቀረበበት ሹም ጠቋሚውን በማዛወርም ሆነ በማሰናበት ሥልጣን ሊኖረው አይገባም። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ከወረዳው ውጭ ያለ ባለሥልጣን ይመርምረው፤ ዐውቆ በሐሰት የጠቆመ ቢገኝም በዚያው መርማሪ ፊት ይጠየቅ።